ስትሮክ ድኻንና ሀብታምን እኩል ይመታልን?



በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ አገር ፍቅር፣ ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያኖቻችን ብዙ ይጻፋል። የተጻፈውም ሁሉ መልካም ነው። እኔ ግን ዘንድሮ ብዕሬን ያነሣሁት ብዙ ሰው ሊያነጋግርበት ስለማይወደው ነገር፣ ይኸውም ስትሮክ ስለሚባለው ደዌ ነው። ምክንያቴም ሁለት ነው። አንደኛው፣ ይህ ደዌ በየመንደራችን ገብቶ ሳለ ምን እንደ ሆነ የምናውቅ ጥቂቶች መሆናችን ነው። ሁለተኛው፣ «በሽታ ድኻና ሀብታም አይለይም» የሚለውን ቃል እየሰማን አድገን፣ ቃሉ እውነት መሆን አለመሆኑን ሳንመረምር መቅረታችን ነው። እኔ እንደማስበው ይህ ቃል ስለ ስትሮክ ሲነገር ቀድሞ እውነት ነበረ፤ ዛሬ ግን እውነት አይደለም። ይህንንም በሚከተለው ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዘመኑንም ሁሉ የምጽፈው በአገራችን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ስትሮክ ምን እንደ ሆነ ልግለጽ። የሰው አንጎል እንደ ሌላው የሰውነት ክፍል ሁሉ በደም ይኖራል፤ ነገር ግን ከሌላው ይልቅ ረኃብን አይችልም። ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ሥር በረጋ ደም የተደፈነ እንደ ሆነ፣ ወይም ሥሩ ፈንድቶ ደሙ በአንጎል ውስጥ የፈሰሰ እንደ ሆነ፣ የተጎዳው የአንጎል ክፍል ወዲያው መሞት ይጀምራል። እንግዲህ ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው ማለት ነው፤ አንደኛው የመደፈን፣ ሁለተኛው የመፍሰስ። ሊቃውንት እንዳሰሉት፣ ትልቅ የአንጎል ሥር በተደፈነ ጊዜ በአንዲት ደቂቃ ውስጥ 1.9 ሚሊዮን ያህል የአንጎል ሕዋሳት ይጠፋሉ። የአንጎል ግራው ወገን የሰውነትን ቀኝ፣ ቀኙም ወገን ግራውን ስለሚያዝ፣ ብዙውን ጊዜ በሽተኛው በአንድ ጎኑ ብቻ ይዝላል። ፊቱ ወደ አንድ ወገን ይጣመማል፣ ክንዱ አልታዘዝ ይለዋል፣ ምላሱም ይተሳሰራል። ይህም ሁሉ የሚሆነው በድንገት ነው።

በአገራችን ግን ይህ ሁሉ ሌላ ስም አለው። አንዱ «ምች መታው» ይላል፤ ሌላው «መጋኛ ነው» ይላል፤ ሌላውም «ለክፎት ነው፣ የሰው ዓይን ነው» ይላል። ስሙ ሲለወጥ መድኃኒቱም ይለወጣል። ምች ነው ከተባለ ዳማ ከሴ ታሽቶ ይጠጣል፤ መጋኛ ነው ከተባለ ሌላ ነገር ይፈለጋል። እንዲህ ሲባል ሰዓቱ ያልፋል። በዚህ ደዌ ደግሞ ሰዓት ማለት ሕይወት ማለት ነው።

ቀድሞ ይህ ደዌ ሰውን ሁሉ በእኩል ይመታ ነበር ብያለሁ። ለዚህም ከታሪክ ሁለት ሰዎችን ምስክር ልጥራ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዐድዋ ላይ ጠላትን ድል የመቱ፣ ባቡርንና ስልክን፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤትንም ወደ አገራችን ያስገቡ፣ በአዲስ አበባም በስማቸው የሚጠራውን ሐኪም ቤት ያቆሙ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። እንዲህ ያሉትን ታላቅ ሰው በዘመናቸው መጨረሻ ይህ ደዌ ደጋግሞ መታቸው፤ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በጽኑ በመታቸውም ጊዜ ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። ከዚያ በኋላ ከአራት ዓመት በላይ በአልጋ ቆይተው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። የውጭ አገር ሐኪሞች ነበሩ፤ ጸሎቱም ጠበሉም አልቀረም። ነገር ግን በዚያን ዘመን በዓለም ላይ ለዚህ ደዌ የሚሆን መድኃኒት አልነበረምና ዙፋን አላዳናቸውም።

ሁለተኛው ምስክሬ የአሜሪካው ፕሬዚደንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ናቸው። በየካቲት ወር 1937 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከእኚህ ሰው ጋር በግብጽ አገር፣ በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመች የጦር መርከብ ተገናኝተው እንደ ተነጋገሩ የታሪክ መምህራችን አስተምረውናል። ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1937 ዓ.ም. ሩዝቬልት «ራሴን በጽኑ አመመኝ» ብለው ወደቁና በዚያው ቀን ዐረፉ። የአንጎላቸው ሥር ፈንድቶ ነበር። ሐኪማቸው በዚያች ሰዓት የደም ግፊታቸውን ቢለኩት 300 በ190 ሆኖ ተገኘ። ጤናማ ሰው ከ120 በ80 የማይበልጥ ስለ ሆነ፣ ይህ ቁጥር የሚያስደነግጥ ነው። ግፊታቸው ከፍ ማለቱን ሐኪሞቻቸው ከዚያ ቀደም ያውቁ ነበር፤ ግን እምብዛም ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አልነበረም። እንግዲህ የዓለምን ትልቁን ሀብታም አገር የሚመራው ሰውና በላስታ ተራራ ላይ የሚኖረው ባላገር በዚህ ደዌ ፊት እኩል ነበሩ። ሁለቱም መድኃኒት አልነበራቸውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ግን እኩልነቱን አፈረሰው። በ1950 ዓ.ም. ገደማ የደም ግፊትን የሚቀንስ፣ ለመዋጥ የሚመች፣ ዋጋውም እያደር የረከሰ ኪኒን ወጣ። ከእርሱም በኋላ ሌሎች ብዙ ዓይነቶች ተከተሉ። የራስ ቅል ሳይከፈት የአንጎልን ውስጥ የሚያሳየው ሲቲ ስካን የሚባለው መሣሪያ ተሠራ፤ በእርሱም ደሙ የፈሰሰውን ከተደፈነው መለየት ተቻለ። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ለስትሮክ እንዲሰጥ በአሜሪካ ተፈቀደ። ይህ መድኃኒት የሚረዳው ደዌው በጀመረ በጥቂት ሰዓት ውስጥ፣ ቢበዛ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ሲሰጥ ነው። ለፈሰሰው ቢሰጥ ግን ይገድላልና ያለ መሣሪያው አይሞከርም።

ይህ ሁሉ ከመጣ በኋላ ምን ሆነ? ሊቃውንት ከ1962 እስከ 2000 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ መርምረው እንዳገኙት፣ በሀብታሞቹ አገሮች በስትሮክ የሚያዘው ሰው በ42 በመቶ ሲቀንስ፣ በድኾቹና በመካከለኞቹ አገሮች ግን ከእጥፍ በላይ ጨመረ። አሁንም በዓለም ላይ በስትሮክ ከሚሞቱት ሰዎች የሚበዙት በእነዚሁ አገሮች የሚኖሩ ናቸው፤ የሚያዙትም በሀብታሞቹ አገሮች ካሉት ይልቅ በለጋ ዕድሜ ነው። እነሆ፣ «በሽታ ድኻና ሀብታም አይለይም» የሚለው ቃል የተሻረው በዚህ ነው። ደዌው ያው ነው፤ መድኃኒቱ ግን ሰውን ይለያል።

ይህን በአገራችን በላስታ መሬት ላይ አውርደን እንመልከተው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ከተራራው ሥር፣ ከገደሉ ማዶ፣ በየሸንተረሩ የተበተነው ሕዝብ መኪና ወደሚደርስበት መንገድ ለመውጣት ብዙ ሰዓት በእግሩ ይሄዳል። ከላሊበላ በጋሸና በኩል እስከ ወልድያ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከወልድያ እስከ ደሴ ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨመራል። አራት ሰዓት ተኩል የሚባለውን ጊዜ በዚህ መንገድ ላይ አስቀምጡትና አስሉት። በለንደን ወይም በፓሪስ የሚኖር ሰው ስልክ ደውሎ፣ አምቡላንስ መጥቶ፣ ሐኪም ፊት ቀርቦ፣ አንጎሉ ተነሥቶ፣ መድኃኒቱ እስኪሰጠው ድረስ ይበቃዋል። የእኛ ሰው ግን በዚያው ጊዜ ገና በቃሬዛ ላይ ነው።

በአያቴ መንደር ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዲት የጎረቤት እናት ቅዳሜ ማለዳ ወደ ላሊበላ ገበያ ሊወጡ ሲሰናዱ ስኒው ከእጃቸው ወደቀ። ሊያነሡት ቢሉ እጃቸው አልታዘዝ አለ፤ ሊናገሩም ቢሉ ቃላቸው ተኮላተፈ። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ምች ነው ተባለ፤ ዳማ ከሴ ተጠጣ፤ «ትንሽ ይረፉበት» ተብሎ ተሸፍነው ተኙ። ሲነጋ ጎናቸው ፈጽሞ ስለ ዛለ የመንደሩ ወንዶች ቃሬዛ ሠርተው እየተፈራረቁ ተሸከሟቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ ሰው በመተባበሩ አልሰነፈም፤ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ዳገቱን ወጥቶ ከሐኪም ቤት አድርሷቸዋል። ነገር ግን የደረሱት ደዌው በጀመረ በሁለተኛው ቀን ነው። እኚህ እናት ዛሬም በሕይወት አሉ። ቀኝ እጃቸው ግን አይሠራም፤ የሚናገሩትንም የሚረዳላቸው ከቤተ ሰብ በቀር የለም። የሚያጥባቸው፣ የሚያጎርሳቸው፣ የሚያገላብጣቸው ሰው ያስፈልግ ስለ ነበር ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቷን ትታ እቤት የቀረችው የልጅ ልጃቸው ናት። ጓደኞቼ ሆይ፣ ይህን ነገር ልብ በሉልኝ። ደዌው የመታው አንዲትን ሴት ነው፤ ከትምህርት ገበታ ያስነሣው ግን ሁለተኛዪቱን ሴት ነው። ድኽነት አንዱን ደዌ ለሁለት ሰው ያካፍላል።

ከዚህም በቀር ጦርነት ያደረሰብንን መርሳት አይገባም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በወሎ ምድር በተደረገው ጦርነት የወልድያና የደሴ ሐኪም ቤቶች ሳይቀሩ ብዙ የጤና ድርጅቶች ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋልም። መንገድ በተዘጋ ጊዜ በጥይት ያልተመታውም ሰው ይሞታል፤ የደም ግፊት ኪኒኑ ያለቀበት ሽማግሌ በጦርነት የሞቱ ሰዎች መዝገብ ላይ አይጻፍም እንጂ፣ እርሱም የጦርነት ሟች ነው።

ነገር ግን ልዩነቱ የሚጀምረው በቃሬዛው ላይ አይደለም፤ ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ ነው። በ2008 ዓ.ም. የታተመ፣ በ32 አገሮች የተደረገ ምርመራ እንዳሳየው፣ ከስትሮክ ዘጠኝ አሥረኛው ያህል ሰው ሊለውጣቸው ከሚችላቸው አሥር ምክንያቶች ጋር የተያያዘ ነው። ከእነርሱም ዋናው ደም ብዛት፣ ማለት ከፍ ያለ የደም ግፊት ነው። የቀሩት እንደ ስኳር በሽታ፣ ሲጋራ፣ መጠጥ ማብዛት፣ የልብ ሕመም ያሉት ናቸው። በ2007 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ከ100 ሰዎች 16ቱ ያህል የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህ ደዌ አያሳክክም፣ አያስልም፣ አያስተኛም። ስለዚህ የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው። ሀብታሙ ሰው ለሌላ ነገር እንኳ ሐኪም ቤት ቢሄድ ይለካል፤ ድኻው ግን ካልወደቀ ሐኪም ቤት አይሄድምና ሳይለካ ይወድቃል። ቢለካና መድኃኒት ቢጀምርም፣ ኪኒኑ በአቅራቢያው ባለቀ ጊዜ፣ ወይም «ተሽሎኛል» ባለ ጊዜ ያቋርጠዋል። የደም ግፊት ኪኒን ግን ሐኪም ካላዘዘ በቀር በመሻል አይተውም፤ መሻሉ የመጣው በኪኒኑ ነውና።

ስለ ጨውም አንድ ቃል ልጨምር። አባቶቻችን ጨውን ከአፋር ቆላ በግመልና በአህያ እያስጫኑ ወደ ሰቆጣ ገበያ ሲያወጡት፣ አሞሌው እንደ ገንዘብ ይቆጠር ነበር። ገንዘብን ደግሞ ማንም በወጥ ውስጥ አይበትነውም። ዛሬ ጨው ርካሽ ሆነና በወጡ፣ በሽሮው፣ በበርበሬው፣ በአንዳንድ ቤትም በቡናው ሳይቀር ይበዛል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ትልቅ ሰው በቀን ከ5 ግራም የሚያንስ ጨው ይበቃል ይላል፤ ይህም አንዲት የሻይ ማንኪያ የማትሞላ ናት። ወጥ የምንሠራ እናቶችና እኅቶች፣ የምንበላም ሁሉ ይህን ብናውቅ ያለ ምንም ወጪ እንጠቀማለን።

ለእኛ ለተማሪዎችም የሚሆን ሌላ ነገር አለ። ስትሮክ የሽማግሌ ደዌ ብቻ አይደለም። በጠባብ ቤት ተጨናንቀው በሚኖሩ ልጆች ዘንድ የሚበዛው የጉሮሮ ሕመም፣ ማለት ቶንሲል፣ በጊዜው ካልታከመ በአንዳንዱ ልጅ ላይ የመገጣጠሚያ ትኩሳትን ያመጣል፤ ይህም ትኩሳት ሲደጋገም የልብን በር ይጎዳል። በተጎዳው ልብ ውስጥ የረጋ ደም ተነሥቶ ወደ አንጎል የሄደ እንደ ሆነ ወጣቱ በስትሮክ ይመታል። ይህን ሁሉ ከመነሻው ሊያቆም የሚችለው ፔኒሲሊን የሚባለው የቆየና ርካሽ መድኃኒት ነው። እንግዲህ አንዲት ልጅ ጉሮሮዋን አሟት ሳትታከም ብትቀር፣ ወይም እንጥሏ በምላጭ ቢቆረጥ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ምን ሊከተል እንደሚችል አስቡ። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የተባለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎች እንደሚቃወሙኝ አውቃለሁ። የመጀመሪያዎቹ «ይህ የጠገበ ሰው በሽታ ነው፤ የእኛ ገበሬ ቀጭን ነው፣ ዳገት ይወጣል፣ ይጾማል፤ ምን ያገኘዋል?» ይላሉ። መሥራትና መራመድ በእውነት ይጠቅማል። ነገር ግን ደም ብዛት ቀጭኑንም ይይዛል፤ ሰው በቅጥነቱ ተማምኖ ሳይለካ ቢቀር ቅጥነቱ አያድነውም።

ሁለተኞቹ ደግሞ የተማሩ ናቸው። እነርሱም «ሕዝቡ ባያውቅ ነው እንጂ ቢያውቅ ኖሮ አይጎዳም ነበር» ይላሉ። ይህም ግማሽ እውነት ነው። መንገድ ለሌለው ሰው «ፈጥነህ ና» ማለት፣ ኪኒን ላላገኘ ሰው «ኪኒንህን አታቋርጥ» ማለት ምክር ሳይሆን ወቀሳ ነው። ድኻን ባለማወቁ ብቻ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው። ዕውቀት ያስፈልጋል፤ ዕውቀቱም መጀመሪያ ለራስ መጠበቂያ፣ ቀጥሎ ግን የሚገባንን ለመጠየቅ ሊሆን ይገባል።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ከሩቅ አገር ላምጣ። በፊንላንድ አገር ሰሜን ካሬሊያ የሚባል ድኻ የገጠር ክፍለ ሀገር አለ። ከሃምሳ ዓመት በፊት የዚያ አገር ወንዶች ገና በሥራ ዕድሜያቸው በልብ በሽታ ያልቁ ነበር። በ1963 ዓ.ም. የሕዝቡ እንደራሴዎች ተሰብስበው «እርዱን» ብለው ለመንግሥታቸው ማመልከቻ አቀረቡ። በ1964 ዓ.ም. ሥራው ተጀመረ። የደም ግፊት በየሰፈሩ ተለካ፤ የቤት እመቤቶች ማኅበር ጨውና ስብ የቀነሰ ምግብ አሠራር አስተማረ፤ ትምህርት ቤቶችም ተባበሩ። በአርባ ዓመት ገደማ ውስጥ በሥራ ዕድሜ ካሉት ወንዶች በልብ በሽታ የሚሞቱት ከ80 በመቶ በላይ ቀነሱ፤ የስትሮክ ሞትም አብሮ ወረደ። ይህን ያደረገው ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ መንግሥት ብቻም አይደለም። ሕዝቡ አወቀ፣ ጠየቀ፣ መንግሥትም ሰማ።

በእኛ አገርስ መሠረት የለም ወይ? አለ እንጂ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመድበዋል። በ1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎልና የነርቭ ሐኪሞችን በልዩ የሚያሠለጥን ትምህርት ተጀምሯል። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ የጎረቤታችን የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ነበረች። እንግዲህ የጎደለው መጀመሪያው ሳይሆን ፍጻሜው ነው። በእያንዳንዱ ጤና ኬላ የሚሠራ የግፊት መለኪያ እንዲኖር፣ ኪኒኑም በጤና ጣቢያ ዓመቱን ሙሉ እንዳይቋረጥ፣ አምቡላንስ ለወላድ እንደሚጠራ ሁሉ ለስትሮክም እንዲጠራ፣ የአንጎል ማሳያ መሣሪያና የሠለጠነ ሰው ድኻው በአንድ ቀን ሊደርስበት በሚችል ቦታ እንዲኖር መጠየቅ ይገባናል። ይህ ልመና አይደለም፤ ግብር የሚከፍል ሕዝብ ድርሻ ነው።

ስለ ጠበልም ሳልናገር ባልፍ ነገሩ ጎደሎ ይሆናል። እኛ የላሊበላ ልጆች ነን፤ በየዓመቱ ለልደት ስንት ሰው በእግሩ ተጉዞ ወደ ከተማችን እንደሚመጣ እናያለን። ከእምነት ጋር የምጣላበት ምክንያት የለኝም። በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በኤድስ ምክንያት ጥያቄ በተነሣ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን አባቶች ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ ለሕዝብ አስተምረዋል። ለስትሮክም እንዲሁ ነው። መድኃኒትን የፈጠረው ጠበሉን የባረከው አምላክ ነውና፣ በሽተኛው አስቀድሞ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ጸሎቱም ጠበሉም በዚያው ይከተለው። በጾም ወራትም ኪኒን የሚውጥ ሰው የንስሐ አባቱን ይጠይቅ እንጂ በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ።

አሁን ለሁላችን የሚሆነውን ባጭሩ ልጻፍ። ምልክቶቹን ለማስታወስ ይረዳ ዘንድ እኔ ራሴ እነዚህን ሁለት ስንኞች አዘጋጅቻለሁ፤ ታናናሾቻችንም በቃላቸው ቢይዙት ደስ ይለኛል።

ፊቱ ቢጣመምበት፣ ክንዱ ቢዝልበት፣
ምላሱ ቢታሰር፣ አሁን ሐኪም ቤት!

እንዲህ ያለ ነገር በቤታችሁ ቢደርስ በሽተኛውን «ፈገግ በል፣ ሁለት ክንድህን አንሣ፣ ስምህን ንገረኝ» በሉት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አትዘግዩ። የጀመረበትን ሰዓት ያዙ፤ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው እርሱን ነውና። ውኃም፣ ምግብም፣ ዳማ ከሴም በአፉ አትጨምሩ፤ መዋጥ አቅቶት ሊታነቅ ይችላል። የሌላ ሰው ኪኒን አትስጡት። በዋግምት ደም አታስወጡ። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙትና ተሸክማችሁ ሩጡ። ምልክቱ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቢጠፋ እንኳ «ተወው» አትበሉ፤ ትልቁ ከመምጣቱ በፊት የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላልና። ሰዓቱ ያለፈበትም ሰው ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ሁለተኛው ስትሮክ እንዳይመጣ መከላከል፣ የዛለውንም ጎን በማንቀሳቀስ ማለማመድ ይቻላልና። እንዲህ ያለውን ሰው በጓዳ መደበቅ፣ እንደ ሞተ መቁጠርም ነውር ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል።

ለክቡራን መምህራን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የዓለም የስትሮክ ቀን በየዓመቱ ጥቅምት 19 ቀን ይከበራል። በዚያ ቀን የጤና ሠራተኞችን ጋብዘን በትምህርት ቤታችን ግቢ የወላጆቻችን የደም ግፊት ቢለካ፣ በቀጣዩም ቅዳሜ በገበያው ዳር ድንኳን ተተክሎ ለገበያተኛው ሁሉ ቢለካ፣ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ይሆናል። ከመካከላችንም ለዕረፍት ወደ የመንደሩ የሚመለስ ተማሪ ሁሉ ሦስቱን ምልክቶች ለዐሥር ሰው ቢያስተምር፣ አምቡላንስ የማይደርስበት ሸለቆ እንኳ ወሬው ይደርሰዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

ክቡራን ወላጆቻችን ሆይ፣ እኛን ለማስተማር ብላችሁ የራሳችሁን ሕመም ትደብቃላችሁ። ለመለካት የምታጠፉት ግማሽ ቀን ከሥራ የባከነ አይምሰላችሁ። እናንተ በጤና ስትቆሙ ልጆቻችሁ በትምህርት ገበታ ላይ ይቆያሉ።

ሀብትን እኩል ለማካፈል ብዙ ዘመን ይፈጃል፤ መንገድንና ሐኪም ቤትን ለመሥራትም እንዲሁ። ዕውቀትን ግን ዛሬውኑ እኩል ልንካፈለው እንችላለን፤ ለሌላው ሲሰጡት ከሰጪው አይጎድልምና። ዕውቀቱን ከተካፈልን በኋላ የቀረውን ድርሻችንን በአንድነት እንጠይቅ። ያን ጊዜ የላስታ ገበሬ በሽታውን ከሀብታም ጋር እኩል እንደሚካፈል ሁሉ መድኃኒቱንም እኩል ይካፈላል።